ስድስት ወይ ስምንት

ደብተሩ የመጣው ከቆጮ ጋር ነው። እናቴ ከሆሳዕና ለሚነሳ ሚኒባስ ሾፌር ስትሰጠው በሁለት ፌስታል ጠቅልላዋለች፤ ቅቤው እንዳይነካው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ «የትምህርት ዝግጅት» ይላል። ውስጡ ግን የትምህርት ዝግጅት የለም። 31 ግጥም አለ። ሁሉም በአማርኛ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ግጥም እንደሚጽፍ እናውቅ ነበር፤ 31 እንደደረሰ ግን አናውቅም። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ በቴሌግራም ደውሎ «እናሳትመው፣ ብሩ በኔ» አለኝ። ቀጥሎ ትንሽ ዝም አለና፣ «ግን ቆይ፣ ጥሩ ናቸው? አባዬን ሰው እንዳይስቅበት። አንተ ኢንጂነሩ፣ እስቲ እየው» አለ።

እስቲ እየው! እኔ ኮድ ነው የማየው። ግጥም ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን አውቃለሁ?

ነገሩን ለመረዳት ሀቢቾን ማወቅ ሳይጠቅም አይቀርም። ሀቢቾ ከሆሳዕና ብዙም አትርቅም። ጓሮው እንሰት፣ ማሳው ስንዴና ባቄላ፣ ወሬው ደግሞ ማን ደቡብ አፍሪካ ገባ፣ ማን መንገድ ላይ ቀረ ነው። እኔና ወንድሜ ያደግነው በሀዲይሳ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታችንንም የተማርነው በሀዲይሳ፣ በላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ለኛ አንድ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ እንደ ሒሳብ፣ እንደ ስፖርት። ያንን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረው አባቴ ነበር።

አባቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን የተማረ ሰው ነው። ለሱ አማርኛ የትምህርት ሁሉ በር ነበር፤ ሥራ ያገኘውም በሱ ነው። ለኛ ለልጆቹ በራሳችን ቋንቋ መማራችን ደስ ይለው ነበር፤ ይህን ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ማታ ማታ ግን ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ለራሱ ይወርድለታል። ታ-ታ-ታ-ታ፣ ታ-ታ-ታ-ታ። ስምንት ጊዜ፣ ፋታ፣ ደግሞ ስምንት ጊዜ። ሽፋኑ የተገነጠለ «እሳት ወይ አበባ» ነበረው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ቤታችን ውስጥ በክብር የሚቀመጠው መጽሐፍ እሱ ነበር።

እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ጸጋዬን አልወደውም ነበር። ከባድ ነው። አንዱን ስንኝ ለመረዳት ሦስት ጊዜ ማንበብ አለብህ። ላንተ ሁለተኛ ቋንቋ በሆነ አማርኛ፣ አዋቂዎች እንኳ «ይከብዳል» የሚሉትን ገጣሚ ማንበብ ራስን መቅጣት መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር ደግሞ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል አጥብቄ መናገር ሲገባኝ አላልቼ ተናገርኩና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ አበዛሁ።

ደብተሩን ከፍቼ ግን አባቴ ላይ ከመፍረዴ በፊት መምህሩን ማወቅ እንዳለብኝ ገባኝ። ስለዚህ ጸጋዬን ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

የተወለደው ነሐሴ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ወራት ሲሆነው። ቦታው አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ። ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ አደገ፤ ግዕዝና ቅኔ ደግሞ ከቤተ ክህነት ተማረ። ቴአትር መጻፍ የጀመረው አምቦ ትምህርት ቤት፣ ገና ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዊንጌትና ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት። የመጀመሪያ ዲግሪው ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሕግ። ከቺካጎው ብላክስቶን። ቀጥሎ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር አጠና። ተመልሶ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለውን ቤት መራ። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ኦቴሎ፣ ሐምሌት፣ ማክቤዝ። የብሬሽትን እናት ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ» አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲወስድ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ነበር። እኔ ሠላሳ ልሞላ ትንሽ ቀርቶኛል፤ እስካሁን ያሸነፍኩት የመሥሪያ ቤት የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ነው።

አብዮት መጣ፤ «ሀሁ በስድስት ወር»ን ሠራ። ታስሮም ያውቃል፤ ቴአትሮቹም በየሥርዓቱ ከሳንሱር ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲከፈት የሚዘመረው መዝሙር ግጥሙ የሱ ነው። መጨረሻ ላይ ኩላሊቱን ታመመ፤ ለሕክምና ኒውዮርክ ሄዶ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። አስከሬኑ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። አባቴ ያን ቀን ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ዘመዳችን የሞተ መስሎኝ ነበር። በኛ አገር ከውጭ የሚመጣ አስከሬን እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ምቱ ልመለስ። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የወል ቤት አንዱ ሐረግ ስድስት፣ ስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም ነው። ጸጋዬ ሐረጉን ወደ ስምንት ለጠጠው፤ ስንኙ አሥራ ስድስት ሆነ። ልኩ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ተባለ። ሁለት ቀለም መጨመር ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ትንፋሹን ያረዝመዋል። መድረክ ላይ ተዋናይ ሆነህ ስትለው ሐሳቡ ሳይቆረጥ ይንከባለላል፤ አባቴ ጠረጴዛው ላይ የሚመታው ይህን ነበር።

ታዲያ አልኩ፣ ይህ እኮ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ የኔ ሥራ ነው። የአባቴ ስንኞች ስምንት ስምንት ከመጡ ልኩን ያውቃል ማለት ነው፤ ካልመጡ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ቀለም ቆጠርኩ። ከደብተሩ ይቺን ስንኝ ሰጠሁት፤ ስለ አያቴ የጻፈው ግጥም መክፈቻ ናት፦

እናቴ የተከለችው፣ እንሰት ሰውን አሳደገ።

ዘጠኝና አሥራ አንድ አለኝ። የተሰበረ ምት።

ከዚያ ስሕተቴ ገባኝ። ሳድስ! «ቤት» ስንል ሁለት ፊደል ነው፤ አፋችን ግን አንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው። «ት» አናባቢ የላትም። ሳድስን መለየት ደግሞ ለኮምፒውተር በጣም ቀላል ነው። በዩኒኮድ የኛ ፊደላት ስምንት ስምንት እየሆኑ በረድፍ ነው የተቀመጡት፤ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት ስታካፍል ቀሪው አምስት ከሆነ ሳድስ ነው። (እዚህም ስምንት! ሳቄ መጣ።) ሳድሶቹን በሙሉ እንዲዘል አደረግኩት። እንደገና አስኬድኩት።

ስድስትና ስድስት አለኝ።

ውይ! ለካ የወል ቤት ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጸጋዬን እየወረደ፣ ሲጽፍ ግን ወደ ለመደው ተመልሷል ማለት ነው። ትንሽ አዘንኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አልተሰበረም። ለወንድሜ በጽሑፍ ላኩለት፦ «ልኩን ጠብቋል፣ ግን ስድስት ስድስት ነው፣ የጸጋዬ አይደለም።»

ወንድሜ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የሄደ ሰው ነው። ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። የድምፅ መልእክት መለሰልኝ። ከጀርባው የደንበኛ ድምፅና የፍሪጅ ጩኸት ይሰማል። «ምን ስድስት ትላለህ አንተ? ይሄን'ኮ እያስቆጠረ ነው ያስጠናኝ» አለና፣ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ እየመታ በቃሉ አለው፦

እ-ና-ቴ፣ የ-ተክ-ከ-ለች-ችው። ስምንት።

እን-ሰት፣ ሰ-ውን፣ አ-ሳድ-ደ-ገ። ስምንት።

አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ኮዱን ዘጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳድስ ሁልጊዜ ዝም አይልም፤ ሁልጊዜም አይናገርም። «ስድስት» የሚለውን ቃል ቀስ ብለህ በለው፤ የመጀመሪያው «ስ» ድምፅ አለው፣ ሁለተኛው «ስ» የለውም። ለማሽኑ ግን ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው። «ድ» ደግሞ ይጠብቃል፤ አልተጻፈም። ፊደላችን ይህን አይነግርህም። የሚያነበው ሰው ያውቀዋል ብሎ ትቶታል። እኔ የተማርኩበት የሀዲይሳ ጽሕፈት የጠበቀውን ተነባቢና የረዘመውን አናባቢ እየደረበ ይጽፍልሃል። አማርኛ ግን ግማሹን ከአፍህ ይጠብቃል። ስብሰባ ላይ የተሳቀብኝም ለዚህ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ሳላውቅ ቀርቼ እንጂ ያልተማርኩት ነገር አልነበረም።

ለማረጋገጥ የመጽሐፉን ርዕስ ራሱን ሞከርኩ። «እሳት ወይ አበባ»፤ በፊደል ስምንት። ሳድስ ሲዘለል አምስት። በአፍ ስትለው ግን እ-ሳት-ወይ-አ-በ-ባ፤ ስድስት። ስምንትን በስሙ ያስጠራው ሰው የመጽሐፉን ስም በአሮጌው ልክ፣ በወል ቤት ግማሽ ሰይሞታል። አስቦበት ይሁን አይሁን የሚታወቅ ነገር አይደለም። ለኔ ግን አንድ ነገር ነገረኝ፤ አዲሱን ልክ ያመጣው አሮጌውን ከአፉ ሳያጣ ነው።

ከዚያ ወደ ደብተሩ ተመለስኩ፤ አሁን ጮክ ብዬ። ሁሉም ጥሩ አይደሉም። አንዳንዱ ስብከት ይመስላል፤ አንዳንዱ ጸጋዬን አጥብቆ ይከተላል፤ ሁለት ሦስቱ በእውነት ተሰብረዋል። አሥራ ሁለት ያህሉ ግን ጥሩ ናቸው። ይህን ስል ልጁ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

የአያቴ ግጥም ላይ ስደርስ ግን መጀመሪያ ያላየሁትን አየሁ። «እንሰት» የሚለው ቃል ከላይ ነው የተጻፈው። ከሥሩ የተሰረዘ ቃል አለ። ስልኬ ካሜራ ላይ አጉልቼ አነበብኩት፦ «ዌሳ»። እንሰት በሀዲይሳ።

ለምት ብሎ የቀየረው መሰለኝ። ቆጠርኩት። እን-ሰት፣ ሁለት። ዌ-ሳ፣ ሁለት። ልኩ አንድ ነው። ስለዚህ የሰረዘው ለምት አልነበረም።

አያቴ አማርኛ አታውቅም ነበር። ልጇ ስለሷ የጻፈውን ግጥም ቢያነብላት ከስንኙ መሀል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትለየው። ያቺን ቃል ነው የሰረዘው። ማን ያነበዋል ብሎ አስቦ ይሆን? ርዕሰ መምህሩ? የአዲስ አበባ አንባቢ? ወይስ እንደኔ የሚሳቅበት መስሎት? አባቴን ልጠይቀው አልችልም። ጸጋዬ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ቴአትር ርዕስ ሲያወጣለት ግን የኦሮሞን ዛፍ ኦዳን ከነስሙ ነው ያስገባው፤ ያሳተመለት ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። የእንግሊዝ አንባቢ ኦዳን ከለመደ፣ የአማርኛ አንባቢ ዌሳን ለመልመድ ምን ያህል ይቸግረው ነበር?

ለወንድሜ ፎቶውን ላኩለት። «ዌሳውን እንመልሰው?» አልኩት።

ብዙ ሰዓት ቆይቶ መለሰ። «አይሆንም፣ የአባዬን እርማት አንነካም» አለ። ትክክል ነው። ደራሲው የመጨረሻ ቃሉን ጽፏል። ግን ሌላ ነገር ተስማማን፤ ያንን አንድ ገጽ አንተይበውም። እጅ ጽሑፉን ፎቶ አንስተን፣ ስርዙን እንደ ስርዝ፣ እንዳለ እናትመዋለን። ከላይ እንሰት፣ ከሥር ዌሳ። የሚያነበው ሰው ከሁለቱ አንዱን በአፉ ይምረጥ።

ለመስከረም፣ ለያሆዴ እናደርሰዋለን ብለናል። እኔ ሀቢቾ እሄዳለሁ፤ ወንድሜ በስልክ ይገባል። እናቴ ግጥሙን እንዲያነብላት የጠየቀችው ወንድሜን ነው። «አንተ ገና ተለማመድ» አለችኝ። እየተለማመድኩ ነው፤ ማታ ማታ፣ ጠረጴዛ እየመታሁ።