ይድረስ ከአሰላ ለሚወጣ ልጅ፦ ስለ መምራት፣ ስለ ልማድና ስለ ቀልድ

ከፊት መሮጥና መምራት አንድ አይደሉም። የአርሲ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻውም፤ የደራርቱ ቱሉን የባርሴሎና ሩጫ ማስታወስ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ከሌሎቹ ተነጥላ ስትወጣ የበቆጂዋ ልጅ ተከተለቻት። ነፋሱን ለፊተኛዋ ትታ፣ ከኋላዋ ሳትርቅ ዙር ቆጠረች። በመጨረሻው ዙር አፈትልካ ወጣችና ወርቁን ወሰደች፤ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ይሁንና ሰው ዛሬም የሚያነሳው ሩጫው ካለቀ በኋላ የሆነውን ነው። ደራርቱ ቆማ ማየርን ጠበቀቻት፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሳቢያ ከ30 ዓመት በላይ ከኦሊምፒክ ርቃ የተመለሰችው በዚያው ኦሊምፒክ ነበርና ነገሩ ከስፖርት አለፈ። ፍጥነት በልምምድ ይመጣል። የተቀደመን ሰው ቆሞ መጠበቅ ግን የልምምድ ፕሮግራም ውስጥ የለም፤ ሰው ከቤቱ ይዞት ካልወጣ፣ በኋላ ማግኘቱ ይከብደዋል።

ወንበር ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት መቼ እንደሚለቀቅ ነው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን ከ8 ዓመት አያልፍም፤ ሥልጣን የሚረከበው ሰው የሚወርድበትን ጊዜ በተረከበበት ቀን ያውቀዋል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2016 በቅርስነት መዝግቦታል፤ የአርሲ ሽማግሌዎች ግን ምዝገባውን ሲጠብቁ አልኖሩም። የአሰላው ሯጭ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ አትሌቶች ቅሬታ ሲያነሱ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ ለቀቀ። ቅሬታው ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ለብቻው ነው። መልቀቅን እንደ ውርደት በሚቆጥር አገር ውስጥ ለቅቆ መሄድ መቻሉ ግን ሊታይለት ይገባል።

ሥልጣን ሁሉ ወንበር ያለው አይደለም። በአርሲ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ቀጭን በትር ናት፤ ለመማቻ አትሆንም። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በጠበኞች መሃል ከገቡ ግን ወንዱ ጠቡን ማቆም አለበት። በቆጂ ላይም ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉት የስፖርት መምህር እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነው ለዓለም ሰጥተዋል። ሜዳልያውን አንገታቸው ላይ ያጠለቁት ልጆቹ ናቸው። አዲስ ሥራ የሚጀምር ልጅ እንዲህ ያለውን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ያገኘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ስሙ በበሩ ላይ አልተጻፈም። ሥራ የሚለመደው ከእሱ ነው።

ስለ ልማድ አሰላ ራሷ ትልቅ ትምህርት አላት። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ድርጅቱ ሞዴል ገበሬዎችን መርጦ በማሳቸው ላይ አሳየ። ገበሬ በንግግር አይረታም፤ የጎረቤቱ ማሳ ከእሱ ማሳ በልጦ ሲያየው ግን ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ በዓመቱ ዘሩን ፍለጋ ይመጣል። ሰው ልማዱን የሚለውጠው በአመዛኙ እንዲህ ነው፤ የለውጥ ስብሰባ የሚያበዛ አለቃ ይህን ቢያውቅ ብዙ አበል ይተርፍ ነበር። ነገሩ ግን ሌላም ገጽ ነበረው። ስንዴው ማትረፍ ሲጀምር የመሬት ባለቤቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ነቀሉት፤ ይህ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቀጠለ። ስለዚህ አሮጌ አሠራር ለመለወጥ የተነሣ ወጣት አዲሱ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ብቻ ሳይሆን ማንን ከእንጀራው እንደሚያፈናቅል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ካዱን ያቀዱት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ጥያቄው ግን ዘግይቶባቸዋል።

የግል ልማድ ከዚህ ይብሳል። ኃይሌ በልጅነቱ ደብተሩን በክንዱ አቅፎ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ያ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ታጥፎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኒው ዮርክን ማራቶን አቋርጦ ሩጫ በቃኝ አለ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ኃይሌን ያህል ሰው በአንድ መግለጫ ልማዱን መተው ካቃተው፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከነገ ጀምሮ በሌሊት እነሣለሁ የሚል ልጅ በራሱ ላይ መጨከን የለበትም። የሚያዋጣው አዲሱን ከነባሩ ጋር ማሰር ነው፦ ደመወዝ የወጣ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳይገዛ፣ የዕቁቡን መክፈል፤ እሑድ ከቡና በኋላ ቤት መደወል። እናት በጣሳ ጠቅጥቃ የምትልከው ጩኮም የልማድ ፈተና ነው። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ለወር ይበቃል ተብሎ ይታሰባል፤ አብረው የተከራዩት ልጆች ማንኪያ ካነሡ ግን ሳምንት አይደርስም። ደብቆ ከመብላት ጣሳውን መሃል ማስቀመጥ ይሻላል፤ ጓደኛ የሚገኘው በዚያ ነው።

ቀልድ መጨረሻ ላይ የመጣው ቀላል ስለሆነ አይደለም። የአለቃ ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል፤ ችግሩም እሱ ነው። የበታቹ የሚስቀው ደመወዙን እያሰበ ሊሆን ስለሚችል፣ አለቃ የሆነ ሰው በሳቁ መጠን ራሱን መለካት የለበትም። በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ የሚወራላቸው ትልልቆቹን ጭምር በመሸንቆጣቸው ነው፤ ጉልበት በሌለው ላይ ቢረባረቡ ኖሮ ማንም ባላስታወሳቸው። በሰው ብሔር፣ ሃይማኖትና አካል ላይ የሚወረወር ተረብ ደግሞ ጠረጴዛውን ቢያስቅም አንዱን ዝም ያሰኛል፤ ቀልደኛው ማየት ያለበት የሳቁትን ሳይሆን ያንን ዝም ያለውን ነው።

ከአሰላ የመጣ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ የሚደርስበት ቀልድ አንድ ነው፦ ሯጭ ነህ? መሮጥ የማይችል ቢሆንም ማምለጫ የለውም። ታክሲ ተሰልፎ ያረፈደ ዕለት፣ አሰላ ተወልደህ ታረፍዳለህ? ይባላል። ቢቆጣ ለዓመት ይቀለድበታል። ከሁሉም ቀድሞ፣ እኔ ከመነሻው መስመር ላይ የቀረሁት ነኝ፣ ብሎ የተቀመጠ እንደሆነ ግን ቀልዱ የእሱ ይሆናል፤ ሌሎቹም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።