እማዬን ይዞ ሮም፦ በፍልሰታ የት እንብላ? የትስ እንደር?

ሮምን ለማየት ነሐሴን የመረጥነው ወደን አይደለም። የልጄ ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ የእኔም የዓመት ፈቃድ የተገኘው ያኔ ነው። ትኬቱን ስቆርጥ ያላሰብኩት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ለእማዬ ቀልድ አይደለም። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አትልም፤ ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የለም።

የሮም ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ምሳ ሰጥተው ኩሽናቸውን የሚዘጉት እዚያው 9 ሰዓት ገደማ ነው። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ አይከፍቱም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 የፌራጎስቶ በዓል ስለሆነ የከተማው ሰው ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ብዙ ትንንሽ ቤቶችም በራቸው ላይ የዕረፍት ማስታወቂያ ለጥፈው ይጠፋሉ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት በር ሞክረን ሦስቱም አልሆነም። እማዬ «ግድ የለም፣ ውሃ ብቻ ስጪኝ» ብላ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትል አንጀቴን በላችው። ለሦስት ዓመት ዕቁብ የጣልኩት እናቴን በረሃብ ላዞራት ነው? «በአዲስ አበባ ሰዓት ፍቺ፣ አንድ ሰዓት ይቀድማል» ብላት «ፀሐዩ የእነሱ ነው» አለችኝ። ውሃ እንኳ ሮም ውስጥ አይቸግርም፤ በየመንገዱ ከሚፈሱት ናዞኒ የሚባሉ ቧንቧዎች በነፃ ይጠጣል።

ያዳነን «ፒዛ አል ታሊዮ» ነው። በትልቅ መጋገሪያ የተጋገረ ፒዛ በመቀስ እየተቆረጠ በሚዛን ይሸጣል፤ ብዙዎቹ ቤቶች ከሰዓት በኋላም አይዘጉም። «ፒዛ ሮሳ» ያላችሁ እንደሆነ የቲማቲም ስጎ ብቻ ያለበት፣ አይብ ያልነካው ይመጣል። ከቫቲካን ሙዚየም ብዙ ሳይርቅ ያለው የቦንቺ ፒዛሪየም በዚህ የታወቀ ነው፤ ሰልፉን ግን ቻሉት። ቁጭ ብላችሁ ስትበሉ ደግሞ «ፒዛ ማሪናራ» እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፣ በቃ። በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ተጉዛችሁ ኔፕልስ ከደረሳችሁ ከ1870 ጀምሮ የሚሠራው ዳ ሚኬሌ የሚታወቀው በማርጋሪታና በዚሁ በማሪናራ ነው። አንዱ ለልጅ፣ አንዱ ለጾመኛ!

ፓስታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ውሃ ነው፤ «ፓስታ ፍሬስካ» የሚባለው፣ በተለይ ቦሎኛ ላይ የሚኮሩበት ታሊያቴሌ፣ በእንቁላል ይለወሳል። «ሴንሳ ኦቮ፣ ሴንሳ ፎርማጆ» ማለት (እንቁላል የሌለው፣ አይብ የሌለው) ልጄ በሁለተኛው ቀን ለምዳው አስተናጋጆችን ታስቅ ነበር። ጣፋጭ ካማራችሁ ከፓንቴዮን አጠገብ ጆሊቲ አለ፤ የሎሚ ሶርቤቶ በውሃ የሚሠራ ስለሆነ እማዬም አልቀረባት።

ሂሳብ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ በሰው ቁጥር የሚታሰብ የዳቦና የጠረጴዛ ክፍያ ነው። ቡና ቆማችሁ ከጠጣችሁ ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል።

አልጋውን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው። «ከመሃል ከተማ 10 ደቂቃ» የሚል ማስታወቂያ አምኜ ከፈልኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፣ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ የምውል ሰው መጠርጠር ነበረብኝ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። በማግስቱ ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቀረብን። አካባቢው ጫጫታ አለው፣ ኪስንም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ግን ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ባቡሩ በ32 ደቂቃ ያደርሳል፣ የአበሻ ምግብ ቤትም በእግር ይገኛል። አቅም ካላችሁ በካቩር ጎዳና ላይ ያለው ባለ አራት ኮከቡ ሆቴል ሜዲቴራኒዮ ቅርብ ነው። ጸጥታ ለሚፈልግ፣ በተለይ ለእናቶች፣ መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች አሉ። በፋርኔዜ አደባባይ ያለው ካዛ ዲ ሳንታ ብሪጂዳ አንዱ ነው። ከእንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ ማታ በር ስለሚዘጉ ቀድማችሁ ጠይቁ። የትም ብታድሩ የከተማው ግብር በሰውና በአዳር ለብቻው ይከፈላል፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሮም ላይ አይከፍሉም።

ከቴርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ድል የነሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለልጄ ይህን ስነግራት ሻንጣዋን አቁማ ዙሪያውን አየች።

በመጨረሻው ቀን የአክሱም ሐውልት እስከ ሄደበት ጊዜ ድረስ ቆሞ ወደነበረበት፣ በቺርኮ ማሲሞ አቅራቢያ ወዳለው ስፍራ ሄድን። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ስለተመለሰ እዚያ የሚታይ ሐውልት የለም። እማዬ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ለብዙ ጊዜ ቆመች። «እንኳን ገባ» አለች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ ለ9 ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።