ገነተ ልዑልና የይፋት ድንጋዮች

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የገባ የይፋት ልጅ በግቢው መካከል የቆመውን ትልቅ ቤት የሚያውቀው ሙዚየም ሆኖ ነው። ከፍሎ ይገባል፤ የንጉሡን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤታቸውን ሳይቀር አይቶ ይወጣል።

ቤቱ ገነተ ልዑል ይባላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የጣሊያኑ ገዥ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ነው፤ የከተማው ሕዝብም ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈ። በግቢው ውስጥ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የድንጋይ አንበሳ ተቀመጠበት። ለወራሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አልተሰጠም።

ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ገቡበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እሳቸው ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮችና መኳንንት በዚሁ ቤት ታገቱ። ሙከራው ሲከሽፍ ብዙዎቹ በአረንጓዴው ሳሎን ተረሸኑ። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሁሉ በሸዋ ተራሮች እያሳደደ ሊይዛቸው ያልቻለው አርበኛ፣ በወገን ጥይት ሳሎን ውስጥ ወደቁ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ቤት የሩቅ ታሪክ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀበት። ጥቂት ቆይቶ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ሙዚየሙም በዚያው ቤት አደገ። ደርግ መጥቶ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲቀይር እንኳ ቤቱ ተማሪና ጎብኚ አላጣም። ሳይፈርስ ለዛሬ የደረሰው በየዘመኑ የሚገባበት ሰው ስላገኘ ነው።

ይፋት ቆላ ይህ ዕድል አልገጠመውም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት አገር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆው ጸሐፊ አል ዑመሪ ሳይቀር ጽፎለታል። ከተሞቹ በድንጋይ የተገነቡ ነበሩ፤ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ ይባላሉ። የፈረንሳይ አጥኚዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ሦስቱም ጥናት አሳተሙ። የኖራ መስጊድ የድንጋይ ግድግዳ ዛሬም አለ። ሱልጣኖቹ ሲሄዱ ግን ከተሞቹን ለሌላ ሥራ የተረከባቸው አልነበረም፤ ገነተ ልዑልን ያተረፈው እንዲህ ያለ ርክክብ ነበር።

የይፋት ልጆች፣ ስድስት ኪሎ ስትደርሱ አረንጓዴውን ሳሎንና አንበሳው የተቀመጠበትን ደረጃ እዩ። ለዕረፍት ስትመለሱ ደግሞ ኖራ ሂዱ፤ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከግድግዳው አንድም ድንጋይ እንዳይነሣ ጠብቁ።