አመነ ሲባል

አራት ነን፤ አንድ ሃርድ ዲስክ ያስተሳሰረን። (የማን እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም።) የፍቅር ፊልም ሲከፈት አንዳችን ቡና ያፈላል፣ አንዳችን ስልኩን ይነካካል፣ ሁለቱ ይተኛሉ። ጭቃ ውስጥ አስከሬን ሲገኝ ግን ሁላችንም እንነቃለን። ምን ይደረግ፣ አመል ነው።

እናም ሰው ባገኘን ቁጥር «እስቲ ጨለም ያለ፣ እንቅልፍ የሚነሳ የወንጀል ፊልም ጠቁሙን» ይለናል። እንጠቁማለን። ብቻ ዛሬ የምንጠቁመው ድሮ ከምንምልበት ጋር አይገናኝም። ለምን እንደተለወጠ ሳንናገር ፊልሞቹን ብቻ ብንደረድርላችሁ ደግሞ ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል።

ያደግነው ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ፣ የላብና የኦቾሎኒ ሽታ። እዚያ የተማርነው ሕግ አንድ ነው፤ ፖሊሱ ተጠርጣሪውን ክፍል ያስገባዋል፣ በሩን ይዘጋል፣ በጥፊ ያጮለዋል፣ ሰውየው ያምናል፣ እኛ እናጨበጭባለን። በዚያ ሁሉ ዓመት በስህተት የተመታ ሰው አይተን አናውቅም። የሚመታው ሁሌም ያደረገው ሰውዬ ነው። መርማሪው ታጋሽ ከሆነብንማ «ይሄ ፖሊስ ነው ወይስ ቄስ?» ብለን እንጮሃለን።

ታዲያ ሃይስኩል እያለን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሱቅ በሌሊት ተሰበረ። ቴሌቪዥንና ጥቂት ዕቃ ጠፋ፤ የመንደሩ ዘበኛ ተያዙ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አምሽተን ስንገባ ለወላጆቻችን ሳይናገሩ በሩን ቀስ አድርገው የሚከፍቱልን ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን «አመኑ» የሚል ወሬ መጣ። እኛም አመንን። ወዲያው ነው ያመንነው። ያን ማታ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን በዓይኑ እንዳየ ሰው ስንተርክ አመሸን፤ አንዳችን መርማሪውን ሆኖ፣ አንዳችን ጋሼን ሆኖ። ስቀናልም።

ከወር በኋላ ቴሌቪዥኑ የባለሱቁ የገዛ ዘመድ ቤት ተገኘ። ጋሼ ተፈተው መጡ፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። «እንኳን እግዚአብሔር አስፈታዎ» ልንል ሄድን። አስቀመጡን፣ ዳቦ ቆረሱልን። ከዚያ ቀና ብለው ሳያዩን፣ «እኔስ ተመትቼ ነው ያመንኩት። እናንተን ማን መታችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ጥቂት ወራት ቆይተው ዕቃቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

እንግዲህ ወደ ፊልሞቹ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር»ን እዩ። ኮሪያዊው ቦንግ ጁን ሆ በ2003 የሠራው ነው፤ በኋላ በ«ፓራሳይት» ኦስካሩን የጠራረገው ሰውዬ። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ከ1986 እስከ 1991 ድረስ ህዋሶንግ በሚባል የኮሪያ ገጠር ዐሥር ሴቶች ተገደሉ። ፊልሙ ውስጥ ያለው የገጠር መርማሪ «የሰውን ዓይን አይቼ ጥፋተኛውን እለያለሁ» ባይ ነው። ባልደረባው ደግሞ ተጠርጣሪ ሲረግጥ ምልክት እንዳይተው ቡትሱ ላይ ሽፋን ያጠልቃል። አእምሮው ዘገም ያለ አንድ ምስኪን ልጅ ይዘው እንዲያምን ያደርጉታል፤ የጫማ ዱካ ሳይቀር ይፈበርካሉ። እናም ያስቃል! ችግሩ እሱ ነው። ግቢ እያለን መጀመሪያ ያየነው ቀን፣ ዶርሙ በሙሉ ሲስቅ እኛ አራታችን እርስ በርስ ተያየን። ጋሼን ሆኖ የተወነው ልጅ ተነስቶ ወጣ፤ «ውኃ ልጠጣ ነው» ብሎ።

በኋላ ከሴኡል አንድ የረጋ መርማሪ ይመጣል። ዱላ አይወድም፤ ሰነድ አይዋሽም የሚል ሰው ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብናገኘው ቄስ የምንለው ዓይነት። ይህ ሰው በዝናብ፣ በሬሳና በእንቅልፍ ማጣት ቀስ በቀስ ምን እንደሚሆን ማየት ነው ፊልሙን ከባድ የሚያደርገው። ከአሜሪካ የሚጠበቅ የዲኤንኤ ውጤት አለ፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን ... እሱን እናንተው እዩት። የመጨረሻዋንም ምስል አንነግራችሁም። ብቻ ፊልሙ አለቀ ብላችሁ ቶሎ እንዳትዘጉት።

ፊልሙ ሲሠራ ገዳዩ አልታወቀም ነበር። በ2019 በዲኤንኤ ተገኘ። ሊ ቹን ጄ ይባላል፤ በ1994 የሚስቱን እህት ገድሎ የዕድሜ ልክ እስራቱን እየጨረሰ ነበር። የህዋሶንጎቹን ግድያዎች አመነ፤ ያለዱላ። በይርጋ ምክንያት ግን በነሱ ሊከሰስ አልቻለም። ፍርድ ቤት ለምስክርነት ሲቀርብ ፊልሙን እስር ቤት ውስጥ እንዳየውና የተለየ ስሜት እንዳልሰጠው ተናገረ። እኛን ግን እንቅልፍ የነሳን ሌላኛው ሰው ነው። በ1988 ለተፈጸመው ስምንተኛው ግድያ ዩን ሶንግ ዮ የሚባል፣ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት የሚያነክስ ወጣት በቀጣዩ ዓመት ተይዞ አምኖ ነበር። እንቅልፍ ከልክለውት፣ መትተውት ነው ያመነው። 20 ዓመት ያህል ታስሮ በ2009 በአመክሮ ወጣ፤ ነጻ ነህ የተባለው በታኅሣሥ 2020 ነው። የሚያነክስ ሰው! ዜናውን ስናነብ አንዳችንም አልተናገርንም።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝራችን ራሱን በራሱ አወጣ። የአርጀንቲናው «ዘ ሲክሬት ኢን ዜር አይስ» (2009) በውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካር የወሰደ ነው። እሱ ውስጥም ወንጀሉ በተፈጸመ ማግስት ሁለት የቀን ሠራተኞች ተደብድበው «አምነዋል»፤ ባለታሪኩ እሱን አልቀበልም ሲል ነው ነገሩ የሚጀምረው። ስታዲየም ውስጥ ያለችውን የማሳደድ ትዕይንት ኳስ የማይወድ ሰው እንኳ ይወዳታል። «የእንግሊዝኛ ንባብ ይሰለቸኛል» የምትሉ ደግሞ ታገሡ፤ እኛም እንደዚያ እንል ነበር።

«ፕሪዝነርስ» (2013፣ ዴኒ ቪልነቭ) ላይ ደግሞ መቺው ፖሊስ አይደለም፤ ልጁ የጠፋችበት አባት ነው። የተለቀቀውን ተጠርጣሪ አፍኖ ባዶ ቤት ውስጥ ያሰቃየዋል። ፊልሙ ተንኮለኛ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከአባትየው ጋር ሆናችሁ «በለው!» እንድትሉ ያደርጋችኋል። እኛ ውስጥ አንዱ ብሏል። ስሙን አንጠራም።

«ዞዲያክ» (2007) ለትዕግሥተኞች ነው፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ዴቪድ ፊንቸር በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ የገደለውንና እስካሁን ማንነቱ ያልተረጋገጠውን ሰው ሳይሆን፣ እሱን ሲፈልጉ ትዳራቸውንና ዕድሜያቸውን የበሉትን ሰዎች ነው የሚያሳየን። ገዳዩ በ1969 ከላካቸው የምስጢር ጽሑፎች አንዱ የተፈታው በ2020 ነው፤ የፈቱትም ሦስት የግል ተመራማሪዎች ናቸው። ስሙ ግን ውስጡ አልነበረም።

«ዌን ዘይ ሲ አስ» (2019፣ ኤቫ ዱቨርኔ) አራት ክፍል ብቻ ነው፤ እኛ ግን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በ1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በደረሰ ጥቃት የተያዙ አምስት ታዳጊዎች ታሪክ ነው። ኮሪ ዋይዝ የተባለው የ16 ዓመት ልጅ ፖሊሶቹ የሚፈልጉት ዝርዝር ውስጥ እንኳን አልነበረም፤ ጓደኛውን ብቻውን ላለመላክ አብሮ ሄደ። ከ12 ዓመት በላይ ታሰረ። በ2002 ሌላ ሰው «እኔ ነኝ» አለና ፍርዱ ተሰረዘ። ልጆቹ የማያውቁትን ነገር ሲያስጠኗቸው የሚያሳየው ክፍል ላይ ሪሞቱን አንሱ፣ እረፉ፣ ውጡና አየር ቅመሱ። ነውር የለውም።

ከአገራችን «ድፍረት»ን (2014፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ) ያላያችሁ ካላችሁ አሁኑኑ። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው፤ እሱም ከእውነት የተነሳ። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያለውን የአነጋገር ለዛ እዩልን፤ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው እንዲያምን አይገደድም፣ ተገድዶ የሰጠውም ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ቪዲዮ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ!

እና «ዘ ዋየር»። አምስት ምዕራፍ፣ ስድሳ ክፍል፣ ከ2002 እስከ 2008። የጻፉት የባልቲሞር ፖሊስ ዘጋቢ የነበረው ዴቪድ ሳይመንና መርማሪ የነበረው፣ በኋላም አስተማሪ የሆነው ኤድ በርንስ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ግራ ያጋባሉ፤ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሁሉም ያጉረመርማል። አራተኛው ላይ ካልያዛችሁ ተዉት። አራተኛው ምዕራፍ፣ ትምህርት ቤቱን የሚያሳየው፣ ከሁሉም ይበልጣል የምንለው ሦስታችን ነን፤ አንዱ «ሁለተኛው፣ የወደቡ» ብሎ ድርቅ ብሏል። እንዲያምን ብዙ ለፍተናል። አልመታነውም።

ሁሉም ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ። የምትመጡ ከሆነ ፍላሻችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ፤ «ዘ ዋየር» ብቻውን ቦታ ይበላል።