ዜሮ ለመጻፍ የሚወጣ ሰው

አባዬ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነበር። ግቢው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ስለነበረ እሱን ማንበብም የሱ ሥራ ሆነ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የተጠራቀመውን ውሃ ለክቶ ሚሊ ሜትሩን ቅጹ ላይ ይሞላል። ያልዘነበ ቀንም ይሄዳል። ልጅ ሆኜ "ምንም የለም እኮ፣ ምን ልታይ ነው?" ስለው "ባዶ ከተውኩት ማንም አላየውም ማለት ነው። ዜሮ ከጻፍኩ ግን አይቻለሁ" ይለኝ ነበር። እሱን ሲያመው የምታነበው እማዬ ናት። (የሷ ስም ቅጹ ላይ እንኳ የለም!)

ዘንድሮ ለማስተርስ ጽሑፌ የዝናብ ዳታ ስጠይቅ ከተላኩልኝ ጣቢያዎች አንዱ የኛው ከተማ ሆኖ አገኘሁት። ኤክሴሉ ላይ 0.0፣ 0.0፣ 0.0... እንባዬ መጣ። ምንጭ በሚለው ቦታ ያለው ግን የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የራሴን ረቂቅ ሳየው እኔም የጻፍኩት ያንኑ ነው።

ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ለምርምር ዳታ መለያ ቁጥር፣ ዲኦአይ የሚባለውን፣ የሚሰጠው ዳታሳይት መመዝገቢያው ላይ "ዳታ ሰብሳቢ" ብሎ ስም የሚሞላበት ቦታ አለው። የሚሞላው ሰው ነው የጠፋው።

አማካሪዬ "ምስጋና ገጹ ላይ አድርገው" አሉኝ። ምስጋና'ማ ቡና ላፈላልንም እንጽፋለን። እኔ የዳታ ምንጭ የሚለው ክፍል ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ስም ቀጥሎ አስገባሁት።

ትናንት ደውዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "የእናትህንስ ጻፍክ?" አለኝ።

ጽፌያለሁ አባዬ።