በየማታው የጣልኩት ክኒን

ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት አይቶ ዝም አለ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ክኒኑን በየማታው ሳያቋርጡ ይወስዳሉ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ውሸት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ፍሬ አልዋጥኩም።

ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። በ57 ዓመቴ አንድ ማለዳ ደረቴን እንደ ድንጋይ የተጫነ ሕመም ያዘኝ፤ ግራ እጄ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሐኪሞች የልቤ የደም ቧንቧ ተዘግቶ አገኙት፤ ስቴንት የምትባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብተው ከፈቱልኝ። ኤል ዲ ኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል ያን ጊዜ 148 ነበር። አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም ታዘዘልኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤታችን ውስጥ ቅቤ ተወገዘ። (ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ እንዴት እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል።) መልካም ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ኮሌስትሮላችንን የሚያመርተው የገዛ ጉበታችን ስለሆነ ቅቤ መተው ብቻውን ብዙ አያወርደውም። ክኒኑ የሚሠራው እዚያው ጉበት ላይ ነው። ምርቱን ይቀንሳል፤ ጉበትም ሲጎድልበት ከደም ውስጥ ያለውን እየሳበ ያነሣል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ውጤቴ 72 ሆነ። ወረቀቱ «ከ130 በታች ጤናማ» ይላል። ሐኪሙ ግን፣ «ይህ ልቡን ታምሞ ለማያውቅ ሰው ነው። እንደ እርስዎ አንድ ጊዜ የተዘጋበት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንደሚለው፣ ከ55 በታች መውረድ አለበት» አለኝ። እኔ የሰማሁት ወረቀቱን ነበር።

እሁድ ተነሥቼ እግዚአብሔር እንደፈወሰኝ መሰከርኩ። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለኝ። ማክሰኞ ማታ ክኒኗን ሳነሣ ግን፣ «ተፈውሼአለሁ ብለህ መስክረህ ደግሞ ትውጣለህ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ማንም ተው አላለኝም። መጋቢያችን እንኳ የስኳር መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። እምነት መሰለኝ እንጂ ኩራትም ነበረበት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ባለቤቴ ባዶውን እሽግ እንድታይ ፍሬዋን እያወጣሁ መጸዳጃ ቤት ጣልኩ። ምንም አላመመኝም። ኮሌስትሮል ሲወጣ አያስል፣ አያተኩስ።

እነሆ አሁን 139።

«እንግዲያው ይህ መጠን ካልበቃዎት ሌላ መጨመር ሊኖርብን ነው» አለና ሐኪሙ ብዕሩን አነሣ። ኢዜቲማይብ ብሎ ይጽፍ ጀመር። ዞር ስል ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ብር ትቆጥራለች። ለሁለተኛው መድኃኒት ይበቃ እንደሆነ ነው የምታየው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ።

ብዕሩን አስቀመጠ። አልተቆጣም። መድኃኒት እንደ ልብ በሚገኝበት በአውሮፓ እንኳ፣ በ18 አገሮች ተደርጎ በ2021 የታተመ ጥናት ላይ በ2019ኙ መመሪያ የተቀመጠላቸውን ግብ ያገኙት ታካሚዎች ከመቶ 33 ብቻ እንደነበሩ ነገረኝ። «ሁልጊዜም ጥፋቱ የታካሚው አይደለም። እኛም ሁለተኛውን ለመጨመር እንዘገያለን። ግን የሚውጡትንና የማይውጡትን ካላወቅሁ በጨለማ ነው የማዝዘው» አለኝ። የጀመረውን ማዘዣ ቀደደው።

ባለቤቴ በታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ገብተን ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ለጉባኤው የተናገርከውን ተወው። እኔን ምን ብለህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ክኒኔን በትክክል ወስጄ ከስድስት ሳምንት በኋላ 74 ሆነ። ያን ጊዜ ኢዜቲማይብ 10 ሚሊግራም ተጨመረልኝ፤ ይህኛው ኮሌስትሮል በአንጀት በኩል ወደ ደም እንዳይገባ የሚያግድ ነው። በሚቀጥለው ምርመራ 54 ወጣ። ሐኪሙ ቁጥሩን በቀይ አከበበው።

ሁለተኛ ምስክርነት ገና አልሰጠሁም። ባለቤቴ በየማታው ሁለቱን ፍሬዎች ከውኃ ጋር ታቀርብልኝና እስክውጥ ቆማ ታየኛለች። አንዳንድ ቀን «አፍህን ክፈት» ትለኛለች፤ አንዳንዴ እየሳቀች፣ አንዳንዴ ሳትስቅ።