መዝገቡ በእጃቸው እያለ

እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር፣ በሚኒስትር ጆሴፍ ካሊፋኖ ዘመን፣ «ፕሮጀክት ማች» የሚባል ዘመቻ ጀመረ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የደመወዝ መዝገብ ከድጎማ ተቀባዮች ዝርዝር ጋር በኮምፒውተር አመሳከረ። የታሰበው ደመወዝ እያላቸው ያለ አግባብ ድጎማ የሚወስዱትን ለመያዝ ነው። ከሚታሰሱት ተቀባዮች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ነበሩ።

የሚያንገበግበኝ የሚከተለው ነው። ያንኑ የደመወዝ መዝገብ ቀለብ ከማይከፍሉ አባቶች ዝርዝር ጋር በመደበኛነት ማመሳከር በትዕዛዝ የመጣው በ1995 ነው። በ1977 የተወለደ ሕፃን በእነዚህ ዓመታት አሥራ ስምንት ሞላው።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። ቀድሞ መንግሥት አይከሰስም በሚለው መርህ የፌዴራል ሠራተኛ ደመወዝ ለቀለብ አይነካም ነበር። በጃንዋሪ 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ ያንን ከለላ አነሳ። ፎርድ የፌዴራሉ መንግሥት በቤተሰብ ጉዳይ መግባቱን አልወደዱትም፤ ፈረሙ ግን። የጠፋ አባት የሚፈልግ የፌዴራል አገልግሎትም በዚያው ሕግ ተቋቋመ። ፍለጋው ግን ያኔ ጠያቂ ይፈልግ ነበር፤ አንድ ሰው በስም ተጠቅሶ፣ ፋይል ተከፍቶ፣ ተራ ተጠብቆ። ባሏ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆኑን የማታውቅ ሴት የቀለብ ፍርዷን ይዛ ወዴት ትሂድ?

ዝርዝሩም ነበረ። በ1981 በወጣ ሕግ ክፍለ ግዛቶች የባለ ውዝፍ አባቶችን ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መላክ ጀመሩ፤ እሱም ለአባትየው ሊመለስ ከነበረው ግብር ላይ ውዝፉን ያስቀራል። እንግዲህ ባለዕዳው በአንዱ ቢሮ ስሙ ሰፍሯል፤ በሌላው ቢሮ ደመወዙን ይቀበላል። ቀጣሪውም ዕዳ ሰብሳቢውም ያው አንድ መንግሥት ነው።

የግል ምስጢር ጉዳይ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ግን ድሃዋ እናት ስትታሰስ ያላስቆመ ስጋት ለአባትየው ሲሆን እንዴት ከበደ?

በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1995 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ቁጥር 12953ን ፈረሙ። ለግብር ሰብሳቢው የሚላከው ያው ዝርዝር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ ወይም የሠራተኛ መዝገብ ጋር ይመሳከር፣ የተገኙትም ስሞች ለክፍለ ግዛቶቹ ይላኩ የሚል ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ዝርዝሩ የድሮው ዝርዝር፣ መዝገቡም የድሮው መዝገብ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ልጅነት የባከነው!

ልጅ ስላደገ ውዝፉ አይሰረዝም፤ እውነት ነው። ግን በሃያ ዓመቱ የሚደርሰው ገንዘብ የሰባት ዓመቱን ጫማ አይገዛለትም። እናትየው ድጎማ ተቀብላ ከሆነ ደግሞ፣ ድጎማውን ለማግኘት የቀለብ መብቷን ለክፍለ ግዛቱ አስተላልፋለች። ዘግይቶ ከአባትየው ደመወዝ የተቆረጠው ውዝፍ ድጎማውን ለማካካስ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። በጊዜው ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አንዳንዷ እናት ድጎማውን ጨርሶ ባልጠየቀች ነበር።